የሕፃናቱን ድድ ከቢላ የጠበቁት እትዬ አሰለፈች

በሐረር የስንቱን ሕፃን ድድ ሲዳስሱ የኖሩት ነርስ፣ አክስቴ ሲስተር አሰለፈች፣ ባለፈው ሳምንት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። መርዶውን ላልሰማችሁ ወዳጆቻቸው ሁሉ በዚህ ጽሑፍ አሰማለሁ። ነፍሳቸውን ይማር። ለእኛ ግን ዕረፍት የለም፤ ገና ድንኳኑ ሳይነሣ አንዲት ለቀስተኛ የልጅ ልጃቸውን አፍ ከፍተው «የሲስተር ዘመድ አይደለሽ? ስምንት ወሩ ነው፤ ምነው ጥርስ አላወጣ?» አሉኝ። እኔ እኮ የባንክ ሠራተኛ ነኝ!

እሳቸውስ እንዴት ቻሉት? ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬ ሊገዙ ወጥተው እንኳ እናቶች ይከቧቸው ነበር። «የጎረቤቴ ልጅ በአምስት ወሩ አወጣ፤ የኔ ምን ሆኖ ነው?»

«ጥርስ ቀጠሮ የለውም! የጎረቤትሽንም ልጅ አይጠይቅም!» ይላሉ በቁጣ። ተቆጥተው ግን ሳያዩ አይሄዱም፤ እጃቸውን ታጥበው ድዱን ይዳስሳሉ። በርበሬው ይረሳል።

አንድ ጊዜ ጀጎል ውስጥ አንድ ሕፃን ጥርስ ይዞ ተወለደ። እናቱ በድንጋጤ «ወላሂ፣ ሰው አያየውም» ብላ ሸፈነችው። እትዬ ገልጠው ግንባሩን ስመው «ይሄ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው!» አሉ። ጥርሱ ይነቃነቅ ስለነበር፣ ወልቆበት እንዳይውጠው ራሳቸው ታቅፈው ሐኪም ዘንድ ወሰዱት።

የኔዋ ልጅ መክሊት ዓመት ሞልቷት አንድም ጥርስ ሳታወጣ ስትቀር ደግሞ፣ አማቴ ሶፊ ገጠር ድረስ ወስደው ድዷን በባህል ሐኪም ቢላ ሊያስቀድዱ ተነሡ። ብለምን፣ ብቆጣ፣ ማን ይሰማኛል! እትዬ ሰምተው መጡና በሩ ላይ ቆሙ።

«ቢላ ካማራችሁ በእኔ ድድ ጀምሩ! ልጅቷ ትበላለች፣ ታድጋለች። ሐኪም ይያት፤ ከዚያ መጠበቅ ነው።»

ሐኪሙም አይቷት ደህና ናት፣ ጠብቁ አለን። አማቴ አኮረፉ። እኛ ጥርሱን ስንጠብቅ እትዬ ቀድመውን ዐረፉ።

እትዬ፣ በሰልስትዎ ማግስት የመክሊት ጥርስ ወጣ። ያውም የላይኛው ቀድሞ! አማቴ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «የላይኛው የቀደመ ገድ የለውም፤ አክስትሽን የበላው ይሄ ነው። ዛሬውኑ ይነቀል!» ብለው ልጄን ብድግ አደረጓት። የእርስዎን ቁጣ ጠበቅሁ። በሩ ላይ የቆመ የለም። መሞትዎ የገባኝ ያኔ ነው። እያለቀስኩ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ፤ «ቢላ ካማረዎት በእኔ ይጀምሩ!» አልኳቸው። ልጄን አስቀመጧት።

እንግዲህ ይረፉ፣ እትዬ። በሩ ላይ እኔ አለሁ።