የጋሼ ለማ ትንንሽ ዓሦች

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ስንቱን ስዘረዝር ይህችን ዘልያታለሁ። ስለ ዓሣ ብሎ ንስሐ የሚገባ ማን አለ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ነገሩ የዓሣ ብቻ እንዳልነበረ ግን ያን ጊዜም አውቅ ነበር።

የዛሬ ስድስት ዓመት ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ እኖር ነበር። ጎረቤቴ ጋሼ ለማ ጡረታ የወጡ የሳይንስ አስተማሪ ነበሩ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ሳሎናቸው ውስጥ ዓሣ ማርባት ጀመሩ፤ ጠፍጣፋ፣ ክንፋቸው ረዥም፣ ብርማ ዓሦች። ሴቷ ሦስት ጊዜ እንቁላል ጥላ ሦስቱንም ጊዜ መልሳ በላችው። በአራተኛው ጋሼ ቀደሟት፤ እንቁላሉን ከተጣበቀበት ቅጠል ጋር ወደ ትንሽ አኳሪየም፣ ውሃ ወደ ሞላ የመስታወት ሣጥን፣ አዛወሩት። ተፈለፈለ። ሲታዩ ጭራ ያበቀለ የሰናፍጭ ፍሬ ይመስሉ ነበር።

ልጆቹ መዋኘት በጀመሩ በሁለተኛው ቀን ቡታጅራ የሚኖሩ ወንድማቸው ማረፋቸው ለጋሼ ተነገራቸው። ለአንድ ሳምንት መሄድ ነበረባቸው። ጠሩኝና አሳዩኝ። ከተቀቀለ እንቁላል አስኳል የሽንብራ ፍሬ የምታህል ብቻ ተቆንጥራ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተቋጥራ፣ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ትጨመቃለች። ከዚያ በዓይን መድኃኒት ብልቃጥ አምስት ጠብታ፤ ጠዋት፣ ቀትር ላይ፣ ማታ።

«ሆዳቸውን እየው» አሉኝ። «ብጫ ሲሆን ጠግበዋል ማለት ነው። ከዚያ በላይ እንዳትጨምር፤ የተረፈው በስብሶ ውሃውን ይመርዘዋል። ትንሽ ሲያድጉ ደረቁን ምግብ እየፈጨን እንሰጣቸዋለን። እስከዚያ ግን ይኸው ነው።»

የጠዋትና የማታው የእኔ ሆነ። የቀትሩ የልጃቸው የሜሮን። ሜሮን እዚያው ቅርብ፣ ባምቢስ አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ዩኒቨርሲቲውን ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጣ ከወጣች ጀምሮ ከአባቷ ጋር ሁለት ዓመት ተኳርፈው ነበር፤ የታረቁት ገና በዚያው ወር ነው። ጋሼ ቁልፉን ሲሰጡኝ «ለእሷም ሰጥቻታለሁ» አሉ፤ ፊታቸው በራ። ለእሳቸው ያ ቁልፍ ምን ማለት እንደነበር ገብቶኛል።

እስከ ቅዳሜ ጠዋት በደንብ አበላሁ። ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ኳስ ለማየት ወጣሁ፤ አላበላሁም። እሑድ የሜሮን ሱቅ ስለማይከፈት ሦስቱንም ጊዜ እኔ ላበላ ተስማምተን ነበር። እሑድ አረፋፍጄ ተነሳሁ፣ ከዚያ ወጣሁ፣ አላበላሁም። አልታመምኩም። ሰው አልሞተብኝም። ረሳሁ እንዳልል አልረሳሁም፤ ሁለት ጊዜ ትዝ ብሎኛል። በራቸው ከእኔ በር አሥር እርምጃ ነው።

ሰኞ ጠዋት ስገባ የልጆቹ ሆድ ባዶ ነበር፤ ብርሃን ያሳልፋል። ጥቂቶቹ ከሥር ተኝተዋል። ደነገጥኩ። ያመለጣቸውን ባንዴ ልክሳቸው ብዬ የአንድ እንቁላል ሙሉ አስኳል በጣቴ ፈርፍሬ ጨመርኩ። ሆዳቸው ብጫ ሆነ። ደስ ብሎኝ ቢሮ ሄድኩ።

ቀትር ላይ ሜሮን ደወለች። «ሳሚ፣ ውሃው ወተት መስሏል እኮ! ልቀይረው እንዴ?»

ከቀየረችው ከሥር የተከማቸውን አስኳል ታያለች። «ተይው፣ አትንኪው» አልኳት። «ጋሼ ውሃ ከተቀየረ ይሞታሉ ብለዋል።»

ጋሼ እንዲህ ብለው አያውቁም።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አዎ፣ በቃ እኔ ማታ አየዋለሁ።»

ማታ አንድም አልተረፈም። አስኳሉን ጠርጌ፣ ውሃውን ደፍቼ፣ መስታወቱን አጠብኩ።

ጋሼ ረቡዕ ተመለሱ። ለሐዘኑ ጸጉራቸውን ተላጭተዋል። ባዶውን መስታወት ቆመው አዩት። «ሰኞ ጠዋት ስወጣ ይዋኙ ነበር፤ ማታ ስገባ ሞተው አገኘኋቸው» አልኳቸው። ይህ ቃል በቃል እውነት ነው፤ የመረጥኩትም ለዚሁ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ እዚያ ቤት የገባ ሌላ ሰው ማን ነው? ለማሰብ ጊዜ አልፈጀባቸውም። እፊቴ ደወሉላት። ትንሽ አዳመጧትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ሳሚ አትንኪው ብሎኝ ነው ትላለች። ብለሃታል?»

«አላልኩም፣ ጋሼ።»

ስልኩን ወደ ጆሯቸው መለሱት። «ትምህርቱንም እንዲሁ ነው የተውሽው» አሏት። «ጥፋትሽን ደግሞ በሰው ላይ ታሳብቢያለሽ።»

በማግስቱ ሜሮን ቁልፉን በበሩ ሥር አስገብታ ሄደች። ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ጋሼ ትልልቆቹን ዓሦች ለሰው ሰጡ። በኋላ ሰፈሩ ሲፈርስ ዕቃቸውን ተሸክሜ ከተማው ዳር ወዳለው ኮንዶሚኒየም ያስገባሁት እኔ ነኝ። «ከወለድኩት ይልቅ አንተ ሆንክልኝ» አሉኝ። ምርቃታቸውንም ተቀበልኩ።

ባለፈው ወር መስቀል አደባባይ ታክሲ ስጠብቅ ሜሮን ከፊቴ ቆማ አገኘኋት። ሕፃን ታቅፋለች። ሰላም አለችኝና «ሳሚ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ያን ቀን አትንኪው ብለኸኝ አልነበረም? ማለቴ፣ አንዳንዴ ራሴን እጠራጠራለሁ።»

«ቆየ እኮ ሜሪ፣ አላስታውስም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፤ ታክሲው መጣና ገባች። አባቷ የልጅ ልጅ እንዳላቸው አያውቁም።

አስታውሳለሁ። እያንዳንዷን ቃል አስታውሳለሁ። ያኔ ወጣት ነበርኩ እንዳልል፣ ባለፈው ወር ወጣት አልነበርኩም። ደነገጥኩ እንዳልል፣ ስድስት ዓመት ሙሉ አይደነገጥም። ዓሦቹን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ አባትና ልጅን የለያየሁም እኔ ነኝ። ይህን ከምታነቡት ይቅርታ አልለምንም። ይቅር ማለት የምትችለው ሴት እፊቴ ቆማ ጠየቀችኝ፤ እኔም ደግሜ ዋሸኋት።