ለስማዳ ገደል የተመረጠ ሌንስ

ቀለመ ወርቅ ሦስቱን የካሜራ ሌንሶች አልጋው ላይ ደርድሮ ሲመርጥ፣ ግራዝማች ጣሰው ዱለት የበላበትን እጁን ሳይታጠብ አንዱን አነሳ። መስተዋቱን በአውራ ጣቱ ደባበሰው፤ ቅባቱ ታተመበት። ከዚያ እፍ ብሎ ተነፈሰበትና በጋቢው ጫፍ ወለወለው። ቀለመ ወርቅ የቀሩትን ሁለቱን ወደ ራሱ ሰበሰባቸው።

«ረጅሙን ብቻ ይዘህ ና» አለ ግራዝማች። ይህን ሰው ፊት ለፊት አንቱ ይሉታል፤ እዚህ ግን አንቱታው ይቅርበት።

ቀለመ ወርቅ የእስቴ ልጅ ነው። ቅኔ ቤት ሦስት ዓመት ቆይቶ አልሆን ሲለው አስመራ ዘለቀ፤ አንድ ጣሊያን ፎቶ ቤት ወለል ሲጠርግ ሙያውን ቀሰመ። ጣሊያኑ አገሩ ሲገባ ካሜራውን ከነሌንሶቹ ትቶለት ሄደ። ንፋስ መውጫ ላይ አንዲት ክፍል ይዞ ሙሽራና ዲያቆን ሲያነሳ ስምንት ዓመት ሆኖታል። የከተማው ሰው «ጥላ ለቃሚው» ይለዋል፤ እሱ ቅር አይለውም። የማይወደው ማስመሰልን ነው። ጥርሱ የወለቀ ሽማግሌ አፉን ገጥሞ ልነሳ ቢለው እንኳ ይጨቃጨቃል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በጥቅምት የወረደ በረዶ በስማዳ ገደል ጠርዝ ያለችውን የዳር አምባ ሚካኤልን ገብስ አጋደመው። ሰዎቹ ለመጪው ክረምት የምንዘራው የለንም፣ ዘር ይሰጠን ብለው አቤት አሉ። ግራዝማች ጉዳቱን አይቶ፣ ያየውንም በፎቶግራፍ አስደግፎ እንዲያቀርብ ከበላዮቹ ታዘዘ። የዘሩ ጎተራ ቁልፍ እሱ ዘንድ ነው፤ እህሉ በጓሮ ለማን እንደሚወጣም አገር ያውቃል። ምንጭ ዳር በረዶ የሳታት አንዲት ለምለም ማሳ እንዳለች ሰምቷል። ረጅሙ ሌንስ የሩቁን ስቦ ያቀርባልና ያችን ብቻ ወረቀት ሙሉ አድርጎ ሊያሳይ ነው።

ቀለመ ወርቅ ይህ ሲገባው አንገሸገሸው። እምቢ ቢል ግን ክፍሏን በማግስቱ ያሽጉበታል። ስለዚህ ዋሸ።

«ግራዝማች፣ የዚያ ገደል ንፋስ ሰው ይጥላል። ረጅሙ ሌንስ ነቅነቅ ካለ ሰውን ሁለት ሁለት አድርጎ ነው የሚያወጣው። እርስዎ ባለሁለት አፍንጫ ሆነው ቢታዩ ምን ይባላል?»

ግራዝማች አፍንጫውን ዳሰሰ። «እንዲያ ከሆነ ይቅር። ሌላውን ያዝ።»

ንፋስ ላይ ካሜራ ከፍቶ ሌንስ መቀየር አቧራ ማስገባት ነው፤ የሚወሰደው አንድ ብቻ መሆን ነበረበት። ቀለመ ወርቅ ሰፊውን መረጠ፣ ግራ ቀኙን ጠቅልሎ የሚያስገባውን። የወደቀውን ገብስ ከዳር እስከ ዳር አሳያለሁ ብሎ ነው። መስኮቱን ዘግቶ ገጠመው፤ ሌሎቹን ሳጥን ውስጥ ቆለፈባቸው። በተንኮሉ ደስ ብሎት አደረ።

መንገዱ በበቅሎ ሁለት ቀን ፈጀ። ግራዝማች በደረሰበት ሁሉ እያሳረደ በላ። ዘር ያጡ ሰዎች ያረዱለትን በግ አጥንቱን እየጋጠ፣ ስቡ በአገጩ እየወረደ «ጥጋብ ነው እናንተን የሚያስጮኻችሁ» ይላቸዋል። ቀለመ ወርቅ ከገበታው ፈቀቅ ብሎ ቆሎውን ቆረጠመ። የዚያን ሰው አፍ እያየ መብላት አልቻለም።

ዳር አምባ ሲደርሱ የደብሩ ቄስ መምሬ ገብረ ሕይወት ተቀበሏቸው። ቀለመ ወርቅ ማሳውን ሲያይ ክው አለ። ሙልጭ ብሎ ታጭዷል።

«መምሬ፣ በረዶ የመታው የት አለ?»

«ይኸው ነው፣ ልጄ። ፍሬው ሲረግፍ አገዳውን ለከብት አጨድነው። ያልታጨደው ያ ነው፣ ከገደሉ ማዶ።»

ማዶ ዘቅዛቃው ላይ ገብሱ ተደብድቦ ተኝቷል። እዚያ ወርዶ መውጣት የቀን መንገድ ነው፤ ግራዝማች ደግሞ ነገ ረፋዱ ላይ ካልተመለስኩ ብሏል። ቀለመ ወርቅ በካሜራው አጮለቀ። በሰፊው ሌንስ የማዶው ማሳ ጥፍር አከለች። በእጁ ስር ያለው ደግሞ እህሉ ተሰብስቦ ጎተራ የገባለት ይመስላል። ያን ማሳ ስቦ የሚያመጣው ረጅሙ ሌንስ ነበር። ንፋሱም ቢሆን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ማንሳት ይቻል ነበር። ማስመሰል የማይወደው ሰው ዋሽቶ እቤት አስቀረው። ራሱን ጠላው።

የቀሩለት ሰዎቹ ናቸው። የከሳ ፊታቸውንና የተጣፈ ልብሳቸውን ካነሳ ይበቃል። «ጠዋት ሁሉም በዋለበት ልብሱ ይምጣልኝ» ብሎ መምሬን ተማጠነ። ግራዝማች ግን ማታ ራት ላይ «ፎቶግራፉ ጃንሆይ ፊት ይቀርባል» ብሎ ለፈፈ።

ጠዋት ቀለመ ወርቅ ሲወጣ አምባው ነጭ ሆኗል። ሰዉ በጥምቀት ልብሱ መጥቷል። ሴቶቹ ሹሩባ ተሠርተው፣ ቅቤ ተቀብተው፣ ካህናቱ ጥንግ ድርብ ለብሰው፣ ከበሮና ጥላ ይዘው በሰልፍ ቆመዋል። በዚያ ልብስ ውስጥ ማንም የከሳ አይመስልም።

«መምሬ፣ በጌታ! ይህን አውልቁልኝ!»

«ምን ነካህ? ጃንሆይ ፊት በቡትቶ ልትገትረን ነው? ብንቸገር ክብር አጣን እንዴ?»

«ልብሱን ካዩ ዘሩን ይከለክሏችኋል!»

«አክብረናቸው? አይሆንም፣ ልጄ። አንሳ።»

ግራዝማች ሳቁ መጣበትና መሐላቸው ገብቶ ቆመ። «አንሳ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?» ንፋሱ ነጠላውን ሁሉ እያርገበገበ ድግስ አስመሰለው። ቀለመ ወርቅ አነሳ። ካሜራው ቀጭ ሲል የገዛ ጣቱ ቀፈፈው።

ንፋስ መውጫ ተመልሶ ፊልሙን ሲያጥበው ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ። ከፊት ነጭ የለበሰ ሕዝብ፣ ከኋላ የታጨደ ማሳ፣ ከመሐል ባለአንድ አፍንጫው ግራዝማች። ምንጭ ዳር ያለችው ማሳ አላስፈለገችም። ግራዝማች ፎቶውን በምራቁ ባረጠበው ጣቱ እያገላበጠ «እጅህን ይባርከው!» አለ፤ ለቤቱ ግድግዳም አንድ አስጨመረ።

ሚያዝያ ላይ መምሬ ገብረ ሕይወት በእግራቸው መጡ። ዘሩ መከልከሉን ሰምተዋል፤ ምክንያቱን ግን የነገራቸው የለም። ቀለመ ወርቅ ፎቶውን አውጥቶ ሰጣቸው። ሽማግሌው ፊታቸው በራ። «እንዴት አምሮብናል!» አሉ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ይህን አይተውም እምቢ አሉ?»

«ይህን ስላዩ ነው፣ መምሬ።»

ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አቀረቡት። አልጣሽ የምትባለውን ባሏ የሞተባትን ሴት በጣታቸው ነኩ፤ ቀሚሱን በዚያ ሌሊት ከጎረቤት ደብር ተውሳ ነው የለበሰችው። አጠገቧ የቆመውም ኩታው የሰው ነው። እየቆጠሩ እስከ ሰልፉ ዳር ሄዱና የራሳቸው ጥንግ ድርብ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«የተዋስነው መሆኑን የሚያሳይ ሌንስ አልነበረህም?» አሉት።