አባቴ የማይገባበት ሊፍት

ጎረቤቱ ሁሉ አባቴን «ጋሽ ሚዛን» ይለዋል። ውሸት አይወድማ! ልጅ ሆኜ ጥርሴን ሳልፋቅ «ፍቄያለሁ» ብዬው፣ ብሩሹን ዳብሶ ደረቅ ሲሆንበት ሁለት ቀን ሙሉ አኩርፎኛል። እናቴ በሕይወት ሳለች «ከዚህ ሰው ጋር መቀለድም በማስረጃ ነው» ትል ነበር።

ሥራው ሊፍት መጠገን ነው። የምንኖርበትን ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንጻ ሊፍት የሚይዘውም እሱ ነው። ወር በገባ ቁጥር ሊፍቱ ውስጥ በተለጠፈችው ካርድ ላይ «ተፈትሿል፣ ደህና ነው» ከሚለው ጎን ይፈርማል። ከዚያ መፍቻዎቹን ሰብስቦ ሰባተኛ ፎቅ ወዳለው ቤታችን በደረጃ ይወጣል። ለጠየቀው ሁሉ «ለጉልበቴ ብዬ ነው» ይላል። ጉልበቱ የታመመው ግን ደረጃ ከጀመረ ወዲህ ነው።

እውነቱን አውቃለሁ። ዓምና አንድ ጠዋት ከሕንጻው ባለቤት ጋር በስልክ ሲጨቃጨቅ ሰምቼዋለሁ። «የፍሬኑ ሸራ አልቋል ጌታዬ። አንድ ቀን ሰው እንደጫነ ይለቃል።» ሰውየው የሚለውን አዳመጠ። «እሺ፣ እስከሚቀጥለው ወር» አለና ፈረመ። በሚቀጥለውም ወር ፈረመ። አሥራ አንድ ጊዜ። ስጠይቀው መጀመሪያ «እስካሁን ወድቋል?» አለኝ። ቆይቶ «የድሮ ዕቃ ጠንካራ ነው» ማለት ጀመረ። በኋላማ ስለ ሸራው ሳነሳበት የምን ሸራ እንደሆነ ጠፋው። አፉ ረሳ፣ እግሩ ግን አልረሳም።

እኔስ? እኔም ከእሱ አልሻልም፤ በየቀኑ እሳፈር ነበር። አባቴ እያየኝ ዝም ያለው ደህና ቢሆን ነው እያልኩ።

ሊፍቱ ደግሞ አመል አወጣ። አባቴ ደረጃ ሲወጣ በደረሰበት ፎቅ ሁሉ ማንም ሳይጠራው በሩ ይከፈታል። ባዶውን፣ መብራቱ በርቶ፣ ትንሽ ይጠብቃል። አባቴ ሲያልፍ ይዘጋል። ጎረቤቶች «ጋሽ ሚዛን፣ ሊፍቱ እርስዎን ወዷል!» እያሉ ይስቃሉ። እሱ «ሴንሰሩ ነው» ይላል። ሴንሰሩን ሲፈታ ግን አንድም ቀን አላየሁትም።

ልጄን በቀዶ ሕክምና ወለድኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስፌቴን ሊያዩልኝ ክሊኒክ ቀጠሮ ነበረኝ። ባለቤቴ ሥራ ስለነበር አባቴ ሊያደርሰን ተነሳ። ደረጃ እንዳልረግጥ ሐኪሙ ከልክሎኛል። የሊፍቱን መጥሪያ ቁልፍ ሳልነካው በሩ ተከፈተና ልጄን ታቅፌ ገባሁ። አባቴ ውጭ ቆመ።

«ግባ እንጂ አባዬ።»

«ልጅቷን ስጪኝ። እኔ በደረጃ አመጣታለሁ።»

«ለምን?»

«እዚያ ውስጥ ይታፈናል። ለጨቅላ ጥሩ አይደለም።»

ሰጠሁት። እጄ ከእኔ ቀድሞ ገብቶት ነበር። በሩ ሲዘጋ አባቴ ልጄን ደረቱ ላይ ለጥፎ ጀርባውን ሰጠኝ።

ስድስተኛ ፎቅ ላይ ሊፍቱ ቆመ። ማንም አልጠራውም። በሩ ተከፍቶ ጠበቀ፣ አባቴ እንዳላየኝ ሆኖ በፊቴ አለፈ፣ በሩ ተዘጋ። አምስተኛም ላይ እንዲሁ። አራተኛም ላይ። በየፎቁ እኔና እሱን ያገናኘናል፤ በየፎቁ ያልፈኛል። ወጥቼ ስፌቴን ይዤ ቀስ እያልኩ መውረድ እችል ነበር። አልወጣሁም። «ውጪ ልጄ» እንዲለኝ ፈልጌ ነበር። ያቺን አንዲት ቃል።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ «አባዬ!» አልኩት።

ቆመ። ዞረ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ፊቱ በላብ ርሷል።

«ከበሩ ፈቀቅ በይ» አለኝ በለሆሳስ፣ «እንዳይቆነጥጥሽ።»

ተዘጋ። ሁለተኛ ላይ አልቆመም፣ አንደኛም ላይ አልቆመም። በአንደኛ ፎቅና በምድር ቤት መሃል ድንገት አንድ ክንድ ያህል ለቀቀና ተንጠለጠለ። ገመዱ አቃሰተ። በአንድ እጄ ስፌቴን፣ በሌላው ግድግዳውን ያዝኩ። ደቂቃዎች ቆይቶ እንደ ምንም ያዘና ምድር ቤት አደረሰኝ።

ስወጣ አባቴ ከደረጃው ሥር ቆሟል። የሞተ ሰው ከፊቱ የቆመ ይመስል አፍጥጦ አየኝ። ቀስ በቀስ ፊቱ ተመለሰ፣ ፈገግ አለ፣ ልጄን አቀበለኝ።

«አየሽ?» አለኝ፤ «ምንም አይሆንም ብዬሽ አልነበር?»

እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።