ለስልክም ዋስ

ከሚሴ መናኸሪያ አጠገብ አዲስና ያገለገለ ስልክ እሸጣለሁ። ባለፈው ሰሞን ሸህ ይመር የሚባሉ የጨፋ ገበሬ መጡ። ጅዳ ያለች ልጃቸውን ፊቷን እያዩ ማነጋገር ፈልገዋል፤ ስማርት ስልክ ግን ነክተው አያውቁም።

«ለጀማሪ ውድ አያስፈልግም» ብዬ ባትሪው የሚበረክት፣ ፊደሉ ጎላ የሚል ያገለገለ ስልክ አቀረብኩላቸው። ወደዱት።

«ቶሌ» አሉ ተስማምተው። «በል ዋስህን ጥራ።»

«የምን ዋስ?»

«ሰንበቴ ገበያ በሬ ስገዛ ሻጩ እንዳልሰረቀው የሚመሰክር ሰው ያቆምልኛል። ይሄ ከበሬ በምን ይለያል?»

ደረሰኝ እሰጣለሁ አልኩ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀኛል አልኩ። ወይ ፍንክች። ሱቁ ውስጥ የነበሩት መሳቅ ጀመሩ። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ከማዶ ልብስ ሰፊውን ሰይድን ጠራሁት።

ሰይድ «ወላሂ ታማኝ ሰው ነው» እያለ ስልኩን ተቀበለኝ። አገላበጠው። ከዚያ የጀርባ ሽፋኑን ፈልቅቆ አሳየን። ውስጡ በመርፌ የተጫረ የገዛ ስሙ ነበር። ባለፈው ወር ባጃጅ ላይ የተሰረቀበት ስልክ ነው።

ሸህ ይመር ስሙን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን አዩኝ።

«ልጄ፣ አንተ ስትገዛው ዋሱ ማን ነበር?»