ክዳኑ የሚተኛበት ጎን

ልያ ኤርሲዶ ሰው ሲያነጋግራት የቀኝ አውራ ጣቷ ሥራ አይፈታም ነበር። የብዕር ክዳንም ይሁን የክብሪት ቤት፣ እጇ የገባውን ሁሉ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። በጅማ የፕላስቲክ ዕቃ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር አብረዋት የሚሠሩት ይህን ለምደውታል። መጀመሪያ በጣቷ አስባ ቀጥሎ በእርሳስ የምትነድፍ ሴት መሆኗን ያውቁ ነበር።

አባቷ ኤርሲዶ ከሆሳዕና በኩል ለቡና ለቀማ መጥተው በዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። በየቡ የቡና ማሳዎች በቀን ሥራ ከርመው በጅማ በቾ ቦሬ ሰፈር ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ሠሩ፤ ሚስታቸውን ቀበሩ፤ አንዲት ልጃቸውን እስከ ቴክኒክ ትምህርት ቤት አስተማሩ። ልያ የንድፍ ሥራ ተምራ በማኅበሩ ስትቀጠር፣ አባቷ ወደ ቤት የምታመጣቸውን ሥዕሎች አንድ በአንድ ወደ ፊታቸው አስጠግተው ያዩላት ነበር። ውሎ አድሮ የሚያስጠጉት ወደ ግራ ዓይናቸው ብቻ ሆነ።

ቀኙን የዓይን ማዝ ወስዶታል። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌናቸውን ሲቧጥጠው በወረንጦ እየነቀሉ ዓመታት አሳለፉ፤ ሆስፒታል የሄዱት ልያ ጎትታ ከወሰደቻቸው በኋላ ነው። ሐኪሙ የግራውን ዓይን ቆብ ቀዶ ካስተካከለ በኋላ ነገሩን ሳይሸፋፍን ነገራቸው። ቅባቱ ጠዋትና ማታ፣ ንጹሕ ሆኖ፣ ሳይቋረጥ ከገባ ይህ ዓይን ይተርፋል። አለዚያ እንደ ወንድሙ ይሄዳል።

ቅባቱስ ነበር። ያልነበረው መያዣው ነው። የሆስፒታሉ መድኃኒት ክፍል ቅባቱን ራሱ አዘጋጅቶ በትንንሽ ቆርቆሮ ያድላል፤ ቆርቆሮው ውስጥ ደግሞ የቤተሰቡ ጣት ሁሉ ይገባበታል፤ የአንዱ ልጅ በሽታ በዚያው ጣት ወደ ሌላው ይሻገራል። አንዳንዴ ከውጭ አገር በብረት ቱቦ የታሸገ ይመጣል። እሱ ይሻላል፤ ግን ክዳኑ ሽምብራ የምታህል፣ እንደ ብሎን በጥርስ እየዞረች የምትጠብቅ ነገር ናት። ኤርሲዶ ክዳኗ ከእጃቸው ባመለጠች ቁጥር ተንበርክከው መሬቱን በመዳፋቸው ያስሱ ነበር። ስትጠፋባቸው አፉን በበቆሎ ቆረቆንዳ ይወትፉታል። አፉ ወዴት እንደሆነ ስለማይታያቸውም ቅባቱ ጉንጫቸው ላይ፣ አንዳንዴም ጺማቸው ላይ ይቀራል። ልያ እኔ ላድርግልዎ ስትላቸው እሺ ብለው አያውቁም። እናቷ እንኳ በሕይወት ሳለች ጫማቸውን አስራላቸው እንደማታውቅ ያስታውሷታል።

«ዓይኔን እንጃ» ይሏታል፣ «ጺሜ ግን፣ ጌታ ይመስገን፣ ፈጽሞ ተፈውሷል።»

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ የየቡ ክሊኒክ ነርስ ሲስተር ዙሀራ ጆግ ልትገዛ ወደ ማኅበሩ መጣች። ዙሀራ ስትናገር ሙሉ ግቢ የሚሰማት ሴት ናት። የብረቱ ቱቦ ክዳን በእሷ አገር አንድ ቀን እንደማያድር፣ ልጆች ለአገዳ መኪናቸው ጎማ እንደሚያደርጉት፣ እናቶችም በቆረቆንዳ እንደሚወትፉት አወራች። እሷ ዓይን ለማከም ተቀጥራ ቆረቆንዳ ስትለቅም እንደምትውል ስትናገር ሠራተኞቹ ሁሉ ሳቁ። ልያ አልሳቀችም። ዙሀራን ወደ ንድፍ ጠረጴዛዋ ወስዳ አስቀመጠቻት።

ሐሳቧ ይህ ነበር። ቱቦው ከለስላሳ ፕላስቲክ ይሠራል፤ በጣት ሲጫኑት እሺ ይላል። ጅራቱ ቅባቱ ከተሞላ በኋላ በጋለ ካውያ ተጠፍጥፎ ይታሸጋል። ክዳኑ በቀጭን ማጠፊያ ከአንገቱ ጋር ተያይዞ ስለሚቀር የትም አይሄድም። አንድ ነገር ደግሞ ከአባቷ እጅ ተምራለች። የክዳኑ መክፈቻ ከጠፍጣፋው ጅራት ጋር ሁልጊዜ በአንድ መስመር መዋል አለበት፤ ያን ጊዜ የማያይ ሰው ጅራቱን ዳስሶ አፉ በየት በኩል እንደሚከፈት ያውቃል።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ እሱባለው ነገሩን አልጠላውም። ነገር ግን ዕቅዱ የጆግና የማንቆርቆሪያ ነው፤ ሥራው አንድ የፕላስቲክ መጭመቂያ መኪና ይይዛል። ለማጠፊያው የሚሆነው አዲስ ፕላስቲክም ያለው አንድ ጆንያ ብቻ ነው፤ ከተፈጨ አሮጌ ዕቃ የተሠራ ማጠፊያ ወዲያው ይሰበራል። ስለዚህ ቁርጡን ነገራት። ጆንያው እስኪያልቅ ትሞክር። የየቡ ነርስ ይሠራል ብላ ከተቀበለችው በዕቅዱ ይገባል። ካልሆነ የቱቦው ቅርጽ ማውጫ ሞልድ ይፈርሳል፤ መጭመቂያውም ወደ ጆግ ይመለሳል። ልያ ተስማማች። ተገቢ ሆኖ አግኝታዋለች።

በመጭመቂያው ላይ የሚሠራው ደሬሳ የሚባል የሊሙ ሰው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ማጠፊያዎች ሲከፈቱ ቀጭ እያሉ ተሰበሩ። ደሬሳ ጥቂት አሰበና ክዳኑ ከሞልዱ እንደወጣ፣ ገና ትኩሱን፣ በጣቱ ወዲያና ወዲህ አጠፈው። ቀርከሃም በእሳት አሙቀው ካላጎበጡት ይሰነጠቃል አላት። በትኩሱ የታጠፈው ማጠፊያ ቀን ሙሉ ቢያሠቃዩት አልተሰበረም።

መስመሩ ግን አስቸገረ። ልያ ክዳኑን በጥርስ የሚጠብቅ አድርጋ ነድፋው ነበር፤ ጥርሱ ደግሞ ደስ ያለው ቦታ ሲደርስ ይቆማል። አንዱ ክዳን ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ያይ ነበር።

«ይሄ እንደ ሰካራም ነው» አለ ደሬሳ። «ቤቱን ያውቃል፣ በሩን አያውቅም።»

«በሩን እናሳየዋለን» አለች ልያ።

ጥርሱን ተወችው። በቱቦው አንገት ላይ ትንሽ ጉብታ፣ በክዳኑ ቀለበት ውስጥ ደግሞ ለጉብታዋ ልክ የሆነ ስርጉድ አደረገች። ቀለበቱ ጉብታዋን እስኪያገኝ ድረስ አልገባም ይላል፤ ሲያገኛት ጠቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ አይዞርም። ደሬሳ ሞልዱን በሞርሳ አስሮ ሞረድ ሲያነሳ እሷ አጠገቡ ቆማ በካሊፐር ትለካለች። ተጣልተውም ተሳስቀውም ሞልዱን ጨረሱት።

ማጠፊያውን በቱቦው ጠባብ ጠርዝ ላይ አዋለችው። ወረቀት ላይ ከታሸገው የጅራቱ ጫፍ ተነስቶ እስከ ማጠፊያው ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሄድ ነበር፤ ልያ ያን መስመር ወደደችው። አባቷም ሞከሩት። በግራ እጃቸው ቱቦውን፣ በቀኝ እጃቸው ክዳኑን ይዘው፣ ጅራቱን ዳስሰው አፉን አገኙት፤ ቅባቱም ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ልያ ናሙናዎቿን በካርቶን አድርጋ ቡና ሊጭን በሚሄድ ፊያት መኪና ተሳፍራ የቡ ስትወርድ አንዳች ጥርጣሬ አልነበራትም።

ዙሀራ እናቶቹን በክሊኒኩ ጣሪያ ጥላ ሥር ሰብስባ ጠበቀቻት። ከመካከላቸው አንዷ፣ ቡና ልትለቅም ወጥታ ቅርጫቷን እንደያዘች የመጣች ሴት፣ ቱቦውን ተቀበለችና መሬት ላይ ተቀመጠች። ልጇን በጀርባው አስተኝታ ጭንቅላቱን በጉልበቶቿ መካከል ያዘችው፤ በዚያ አገር ልጅ ጸጉሩ የሚሠራውም፣ ዓይኑ የሚታየውም እንደዚያ ተይዞ ነው። በግራ እጇ ግንባሩን ተጭና ቆቡን ገለጠች። የቀራት አንድ እጅ ነው፤ እሱም ቱቦውን ይዟል።

ቢስሚላሂ ብላ ክዳኑን በጥርሷ ከፈተችው።

ልያ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ቆማ አየች። ክዳኑ በጠባቡ ጠርዝ በኩል ወደ ጎን ወደቀ። እዚያ የሚይዘው ጣት የለም። ሴትዮዋ ቱቦውን ስትጫነው ክዳኑ ተመልሶ ተነሳና የልጁን ዓይን ጠርዝ መታው። ልጁ ጮኸ። ሁለተኛዋም እናት እንዲያው በጥርሷ ከፈተች፤ ያኛውም ልጅ ጮኸ። ሦስተኛዋ ብልኅ ነበረች። ክዳኑን በጥርሷ ገነጠለችው፣ በሻሿ ጫፍ ቋጠረችው፣ ከዚያ ቅባቱን በሰላም አደረገች።

ዙሀራ ልያን ወደ ጓሮ ወሰደቻት።

«ይሄን የሠራሽው ሁለት እጅ ለተረፈው ሰው ነው» አለቻት። «እናት ሁለት እጅ ተርፏት አያውቅም። እንዲህ ሆኖ አልቀበልሽም።»

«አትቀበዪኝ» አለች ልያ። «ልጅሽን ብቻ አውሺኝ።»

ዙሀራ ግራ ገብቷት ትንሿን ልጇን ከነአቧራዋ ጠርታ ሰጠቻት። ልያ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ የልጅቷን ጭንቅላት በጉልበቶቿ መካከል ያዘች፤ በግራ እጇ ግንባሯን ጫነች፤ በቀኟ ባዶ ቱቦ አንስታ ዓይኗን ጨፈነች። አውራ ጣቷ በአንዱ ጠፍጣፋ ፊት ላይ አርፏል። ሌባ ጣቷ በሌላው ላይ። በጠባቦቹ ጠርዞች ላይ ግን የሚያርፍ ነገር የለም። ልጅቷ ኮርኩሯት ስትስቅ ልያ እንደዚያው ተቀምጣ ቆየች። ክዳኑ መተኛት ያለበት በጠፍጣፋው ጎን ነው፣ ሌባ ጣት ሥር፤ ጣቱ ይዞት ይውላል። የሚገፋው የክዳኑ ከንፈር ደግሞ በሌላው ፊት፣ አውራ ጣት በሚደርስበት። ያን ጊዜ ጥርስ አያስፈልግም። እሷ ግን በሩብ ዙር ስታ ነበር።

በማግስቱ ለጓድ እሱባለው የሆነውን ሁሉ፣ የልጁን መመታት ጭምር፣ ሳታሳንስ ነገረችው። ሊቀመንበሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«ጓዲት ልያ፣ ጥፋቱ የማን ነው ልበል?»

«የእኔ ነው። ሥዕሉ አምሮኝ ነበር።»

«ታዲያ ሞልዱ ይፍረስ?»

«አይፈርስም። ክዳኑ እንዳለ ይሁን፤ ከንፈሩን ብቻ ሰፋ አደርገዋለሁ። የሚዞረው የአንገቱ ጉብታ ነው። ጉብታዋን የሚያወጣውን የሞልዱን የቀድሞ ስርጉድ በናስ እንደፍነውና በሩብ ዙር ሌላ እንቆፍራለን። ጆንያውም ገና አላለቀም።»

እሱባለው ደሬሳን አየው። ደሬሳ በሁለት እጁ ጆንያውን አንስቶ መዘነና ሜ፣ እስቲ፣ ለዚህስ ይበቃናል አለ። ሊቀመንበሩ መነጽሩን መልሶ አጠለቀና ወደ ቢሮው ገባ።

ሁለተኛውን ናሙና ይዛ የሄደችው የለቀማው ማብቂያ ላይ፣ ጆንያው ከተራገፈ በኋላ ነበር። ይህኛው ባይሆን ሌላ እንደማይኖር ዙሀራም ታውቃለች። ልያ ለእናቶቹ ምንም እንዳታብራራላቸው፣ በእጃቸው ብቻ እንድታስይዛቸው ለመነቻት። ቅርጫት ይዛ የመጣችው ያች ሴት እንደገና ተቀመጠች፤ ልጇን በጉልበቶቿ ያዘች፤ ልጁ የባለፈው ትዝ ብሎት አስቀድሞ አለቀሰ። ሴትዮዋ በልማድ ቱቦውን ወደ አፏ ወሰደችው። ግማሽ መንገድ ላይ እጇ ቆመ። አውራ ጣቷ ከንፈሩን አግኝቶት ነበር። ገፋችው፤ ክዳኑ ወደ ኋላ ሄዶ በጠፍጣፋው ፊት ላይ ተጋደመ፤ ሌባ ጣቷ ያዘው። ቅባቱ እንደ ነጭ ክር ወርዶ ቆቡ ውስጥ ተኛ። ልጁ ዓይኑን ገለጥ ጨፈን አደረገና ማልቀሱን ተወ።

ሴትዮዋ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ሌሎቹም ሳቁ። ዙሀራ ተረጎመችላት፦ «ጥርሴ ሥራ ፈታ ነው የምትለው።» ከዚያ ቱቦውን ወስዳ ራሷ ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ እንደገና ከፈተችው። «ማሻአላህ። ለአለቃሽ ዙሀራ ተቀብላለች በዪው። ብዙ አድርጋችሁ አምጡ።»

ልያ በቾ ቦሬ ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አባቷ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። አዲሱን ቱቦ ስታቀብላቸው በጣታቸው ዞሩበት፤ የለመዱት ቦታ ላይ ማጠፊያውን አጡትና የድሮው ምን ነበረው ብለው ተከራከሩ። ጅራቱን ዳሰሱ፤ አውራ ጣታቸው ወደ ላይ ወጣ፤ ከንፈሩን አገኘ። በግራ እጃቸው የታችኛውን ቆባቸውን ሳብ አደረጉ፤ እስከዛሬ ያ እጅ ክዳን ይዞ ነበርና ለዓይናቸው ተርፎ አያውቅም። ቅባቱ ገባ። ክዳኑን በአንድ ጣት መለሱት፤ ጠቅ አለ።

ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ጺማቸውን ዳበሱ።

«ጺሜ ዛሬ ጾሙን ዋለ» አሉ።

ቱቦው በማኅበሩ ዕቅድ ገባ፤ ከየቡ አልፎ ወደ አጋሮና ወደ ሊሙ ክሊኒኮች ሄደ። ደሬሳ ማጠፊያውን በትኩሱ ማጠፍ ለአዳዲሶቹ ሠራተኞች አስተማረ። ልያ ሌሎች ብዙ ዕቃዎች ነድፋለች፤ የዘይት መቅጃ፣ የሕፃናት መድኃኒት ማንኪያ፣ የቀንድ ቅርጽ ያለው ማበጠሪያ። ከዚያ በኋላ ግን ማንኛውንም ነገር ወደ ሞልድ ከመላኳ በፊት የሚጠቀምበት ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ ሄዳ ታያለች። ማጠፊያ ጎን ላይ ያዋለ ሥዕል ያቀረበላት ወጣት ሁሉ «ጣትህ የት ነው ያለው?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል።

የኤርሲዶ ግራ ዓይን ተረፈ። ትልቅ ፊደል ያለውን መጽሐፍ ቅዱሳቸውን እስከ መጨረሻው ራሳቸው አነበቡ። ደርግ ከመውደቁ በፊት ባለው ክረምት ሳንባቸው ደክሞ በቤታቸው አረፉ፤ ጫማቸውን ያሰረላቸው ሰው አልነበረም። ለቀስተኛው ሲበተን ኮታቸውን ከግድግዳው ያወረደችው ልያ ናት። በኪሱ መሐረብና ቱቦው ነበሩ። ቱቦው ከጅራቱ በኩል በሥርዓት እየተጠቀለለ እስከ ወገቡ ደርሷል፤ ክዳኑ ግጥም ብሎ ተዘግቷል።

ሊያጽናኗት የቀሩት ጎረቤቶች ከጎኗ ተቀምጠው ስለ አባቷ ሲያወሩ እሷ ትሰማለች። አውራ ጣቷ ከንፈሩን ገፋ ያደርጋል፤ ክዳኑ ሄዶ ሌባ ጣቷ ሥር ይተኛል፤ ትመልሰዋለች። ተዪው ያላት ሰው አልነበረም።