ልሉ ቦታ

ከዚህ በፊት ደብዳቤ እንኳን ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት መናገርም ይከብደኛል። ዛሬ ግን ቆቦ፣ የምሠራበት ምግብ ቤት በር ላይ፣ ጎማው በጎርፍ ጭቃ የተለወሰ ባጃጅ ቆመ። ጭቃው ፀሐይ ሲነካው ሸተተኝ። የጎሊና ወንዝ ደለል ነው፤ እርጥብ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል። ሳህን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

እኛ ቆላ ነን፤ የምንጠብቀው ከዝናብ ይልቅ ጎርፍ ነበር። ደጋው ላይ ሲዘንብ፣ እኛ ዘንድ ሰማዩ ጠርቶ፣ ወንዙ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ሳለ፣ መጀመሪያ ሽታው ይመጣል። ከዚያ እንደ ከባድ መኪና የሚያጉረመርም ድምፅ። ከዚያ ውሃው። ገበሬዎቹ በየሰኔው ወንዙ ውስጥ የግራር ቅርንጫፍ፣ ድንጋይና አሸዋ እየደራረቡ ክትር ይሠሩ ነበር። ክትሩ ጎርፉን ወደ ቦይ ይመልሳል፤ ቦዩም ማሽላውን ያጠጣል።

ክትሩ መሃል ላይ ግን ሆን ብለው ልል ቦታ ይተዉ ነበር፤ አሸዋና ጭራሮ ብቻ የለበሰ። ጎርፉ ከልክ ሲያልፍ እዚያ ጋ ሰብሮ በወንዙ ይሄዳል፤ ማሳ አይነካም። ያኔ ይህን አላውቅም ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

የኛ ማሳ ከቦዩ ጅራት ነበር፤ ውሃ ከሁሉ በኋላ የሚደርሰን። በዚያ ዓመት ሁለት ጎርፍ መጥቶ ሁለቱም እኛ ጋ ሳይደርስ አለቀ። የማሽላው ቅጠል ተጠቀለለ። አባቴ “ማሽላው ከያዘልን ቆቦ፣ አክስትሽ ዘንድ ሆነሽ ሰባተኛ ክፍል ትገቢያለሽ” ብሎኝ ስለነበር፣ በየጠዋቱ ቅጠሉን በእጄ እዳስስ ነበር።

አንድ ዓርብ ክትሩን ለሚጠግኑት ሰዎች ምሳ ይዤ ወረድኩ። ጎረቤታችን እንደልማዱ አባቴን ነካካው፤ “አንተ፣ ይቺ ልጅህ ሰላምታ የምትመልሰው ለከርሞ ነው?” ሳቁ። በልተው ሲጨርሱ ለጁምዓ ሄዱ። እኔ ዕቃ ልሰበስብ ቀረሁ።

ክትሩ ሥር ትንሽ ውሃ ተጠራቅማ ነበር። በዚያ ልል ቦታ በኩል ሽር ሽር እያለች ትወጣለች። ሰዎቹ ረስተውት መሰለኝ። የምትወጣው የኛ ድርሻ ናት ብዬ ድንጋይ በአረንጓዴ ሻሼ እያዘልኩ ጎሰርኩበት። አልበቃ ሲል ሻሹንም አሸዋ ሞልቼ ቋጠርኩና ወሸቅኩት። ውሃዋ ቆመች። እንዴት ደስ እንዳለኝ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ያ ሽታ መጣ። የዚያን ቀኑ ጎርፍ ትልቅ ነበር። ልሉ ቦታ አልሰበር ሲለው ክትሩን በጎን በኩል ሰብሮ፣ ቦዩን ይዞ ከነጠጠሩ ወረደ። የጎረቤታችን ማሽላና የኛ ማሽላ ጠጠር ሥር ተቀበሩ። እናቴ “ሻሽሽስ?” ስትለኝ “ጎርፍ ወሰደው” አልኳት።

በማግስቱ የውሃ ተራ የሚያከፋፍሉት፣ የውሃ አባት የምንላቸው ሽማግሌ ሰዉን ዛፍ ሥር ሰበሰቡ። አባቴ በማለዳ ወንዝ ወርዶ፣ እጁ ጭቃ እንደሆነ ነበር የመጣው።

“ልሉን ቦታ ማን ደፈነው?” አሉ ሽማግሌው።

“ከጅራት ያለ ሰው ነዋ!” አለ ጎረቤታችን። “እኛማ ጠጥተናል፤ ምን አስጨነቀን?”

ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ መሬት መሬት እያየ “የኔ ጥፋት ይሁን” አለ። ክርክር የሰለቸው መሰለኝ። እኔ ከሴቶቹ ኋላ ነበርኩ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ወደ እናቴ ጀርባ ተጠጋሁ። ሁለት ዓመት ከውሃ ተራ አወጡት።

ውሃ የሌለው ገበሬ ምን ይሠራል? ወደ አፋር ለቀን ሥራ ሊወርድ ተነሳ። መጀመሪያ ይደውል ነበር፤ የሚያወራው ከእናቴ ጋር ነው፣ እኔ ስልኩን ስቀበል ይቋረጣል። ኋላ ጦርነቱ መጣ፤ መንገዱም ስልኩም ተዘጋ። ሲከፈት የአባቴ ስልክ አልሠራም። እኔና እናቴ ቆቦ ገባን። አፋር ካለችው ሚሌ የመጣ ሹፌር ምግብ ቤታችን በገባ ቁጥር ስለ አባቴ እጠይቃለሁ፤ መጠየቅ ለኔ እንዴት ከባድ እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው።

አባቴ የሄደ ዕለት ሮቢት ከተማ፣ አስፋልቱ ዳር ሸኘሁት። ጠዋት ነበር፤ ከቁርስ ቤቶቹ የዘይት ሽታ ይመጣል። ያን ጠዋት ልነግረው ቆርጬ ነበር፤ አይሱዙው ግን ቶሎ ደረሰ። እቃውን ወርውሮ አንድ እግሩን ጎማው ላይ ካደረገ በኋላ፣ ተመልሶ ወረደ። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋበት። አባቴ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣

“ሻሽሽ ከሳጥኑ ሥር ነው፣ እማዬ። አጥቤዋለሁ” አለኝ።