ሲቪል የተከለከለች ልጅ

ነገሩን ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል። እዚህ በሰው አገር፣ የልጅ ልጄ የምትማርበት የስካርቦሮ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ያስለብሳል። በወር አንድ አርብ ግን ልጆቹ የገዛ ልብሳቸውን ለብሰው እንዲመጡ ይፈቀድላቸዋል። ቀኑን «ሲቪስ ዴይ» ይሉታል። ባለፈው የበረዶ ወራት ታዲያ አንድ ወረቀት መጣ፤ በወሩ ውስጥ ሦስት ቀን ያረፈደ ተማሪ ሲቪስ አይፈቀድለትም ይላል። የኛዋ ሦስት ቀን አርፍዳለች።

ግን ማነው ያረፈደው? እናትና አባቷ ጎህ ሳይቀድ ሥራ ስለሚገቡ የማደርሳት እኔ ነኝ። ከሷና ሕንፃችን ውስጥ ከምትኖር ጓደኛዋ ጋር ፌርማታው ላይ በብርድ ስንንቀጠቀጥ፣ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ይመጣና ሹፌሩ እጁን አወዛውዞ ጥሎን ይሄዳል። ቀጣዩም እንደዚያው። ቅጣቱ ግን ለልጅ!

ይበልጥ ያንገበገበኝ ደግሞ ቃሉ ነው። ሲቪስ የእንግሊዝ ወታደሮች «ሲቪሊያን» ከሚለው ቃል ቆርጠው ያወጡት የጦር ሰፈር ቃል ነው፤ ወታደር ያልሆነ ሰው ልብስ ማለት ነው። እኛም በደርግ ጊዜ ወታደር ሳለን «ሲቪል» እንለው ነበር። ካኪው የመንግሥት፣ ሲቪሉ የራስ። እሁድ ሲቪል ለብሶ ከተማ ለመውጣት የሻምበሉ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሻምበሉም አንዴ ጫማህ አልተወለወለም፣ አንዴ ደግሞ ፊትህ አላማረኝም ብሎ ይከለክላል። ሸሚዜ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ እሁዴን በካኪ የዋልኩበት ጊዜ ብዙ ነው። እኔስ ወታደር ነበርኩ፣ ቻልኩት። ይቺ ልጅ የየትኛው ጦር ምልምል ናት?

ሐሙስ ዕለት ምክትል ርዕሰ መምህሯ ዘንድ ሄድኩ።

«ለማበረታታት ብለን እኮ ነው» አለችኝ ፈገግ ብላ።

«የሰው የገዛ ልብሱ እንዴት ሽልማት ይሆናል? ከፈለጋችሁ አውቶቡሱን ቅጡት!» አልኳት በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ጸሐፊዋ አንገቷን አስግጋ አየችኝ። ሴትዮዋ ትንሽ አሰበችና፣ እርስዎ ስለመጡ ለልጅዎ ልጅ ብቻ ፈቅጃለሁ አለች። ድል አድርጌ ተመለስኩ።

«ነገ ሲቪል ትለብሻለሽ፤ ቀዩን ሹራብሽን አውጪው!» አልኳት ቤት እንደገባን።

ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ትክ ብላ አየችኝ። «አባባ፣ ለጓደኛዬስ አስክ አደረክላት? እሷም እኮ ያረፈደችው በኛ ባስ ነው።»

«ለሷ የራሷ ሰዎች ይጠይቁላት።»

«ኢትስ ኖት ፌር። እንደዛ ከሆነ እኔም ዩኒፎርሜን ነው የምለብሰው።»

ተቆጣሁ። ስንት ተጨቃጭቄ ያስፈቀድኩትን፣ አንቺ ውለታ ቢስ፣ አልኳት። ገብታ ዩኒፎርሟን ለነገ ወንበር ላይ ዘረጋች።

ያን ጊዜ ንዴቴ ወደ ራሴ ዞረ። ለሚስቴም ለልጆቼም ያልተናገርኩት ነገር አለ። ጦሩ ተሸንፎ ሲበተን ካኪ የለበሰ ሁሉ መንገድ ላይ ይያዝ ነበር። እኔና አንድ ጓደኛዬ ሦስት ቀን አብረን በእግራችን ተጉዘን የአንዲት ባልቴት በር አንኳኳን፤ ሲቪል ለመንን። የሟች ባላቸውን ኮትና ሱሪ አወጡልን። ያላቸው ያው አንድ ብቻ ነበር። እጄን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ጓደኛዬ፣ «ልበስ፣ እኔ ሌላ ቤት እጠይቃለሁ» አለኝ። ለበስኩ። ሌላ ቤት አብሬው ላንኳኳ ይገባኝ ነበር፤ አላንኳኳሁም። በኮቱ ተሸፋፍኜ ብቻዬን መንገዴን ቀጠልኩ። ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰ አላውቅም።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። እሷ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው።